ምስር ክክ፦ ያገሩ፣ የታሸገውና ድፍኑ

ገበያ ላይ አሁን ሦስት ዓይነት ምስር ታገኛላችሁ። አንደኛው ያገር ቤቱ ክክ ነው፣ ከጆንያ እየተሰፈረ የሚሸጠው። ሁለተኛው ከውጭ ገብቶ በላስቲክ የታሸገው ነው፣ ሱፐርማርኬት መደርደሪያ ላይ ብርቱካናማ ሆኖ የሚያብለጨልጨው። ሦስተኛው ድፍን ምስር ነው፣ ከነልጣጩ ያለው። ሦስቱንም ወጥ ሠርቼባቸዋለሁ፣ ሾርባም ሠርቼባቸዋለሁ፣ ድፍኑን አዚፋ አድርጌዋለሁ። ፍርዴን ከወዲሁ ልንገራችሁ። ለወጥ ያገሩን ክክ የሚያህል የለም። ይወደዳል፣ መለቀም አለበት፣ እሳት ላይም ይቆያል፣ ግን ወጥ ሲሆን ወጥ ነው። የታሸገው ለሾርባና ለሕፃናት ምግብ ሸጋ ነው። ድፍኑ ደግሞ የሚገባውን ክብር ያላገኘ ምስር ነው ባይ ነኝ፣ ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

ለምስር ይህን ያህል መጨነቅ ምን ይሉታል የሚል ካለ መጽሐፍ ቅዱሱን ይክፈት። ኦሪት ዘፍጥረት 25 ላይ ዔሳው ከሜዳ ደክሞት ይመጣል። ወንድሙ ያዕቆብ ወጥ እየሠራ ነው። ከዚያ ከቀዩ ወጥ አብላኝ ይለዋል። ያዕቆብ ደግሞ መጀመሪያ ብኩርናህን ሽጥልኝ አለ። ዔሳው ማለ፣ ሸጠ፣ በላ፣ ጠጣ፣ ተነሥቶ ሄደ። ወጡ የምን ወጥ እንደነበረ የምንሰማው መጨረሻው ቁጥር ላይ ነው፣ ምስር። ከልጅነታችን ጀምሮ ስብከቱ ሁሉ ስለ ብኩርናው ነው፣ ስለ ወጡ የሚነግረን የለም። እኔ ግን ድስት የምጥድ ሰው ነኝና ወጡ ያሳስበኛል። የአደን ሥጋ የለመደ ሰው፣ አባቱ እንኳ በአደኑ የሚወደው ሰው፣ ለአንድ ሳህን ምስር ያን ያህል የተሸነፈው ምን ቢቀምስ ነው?

በርበሬ እንዳልነበረበት እርግጠኛ ነኝ። በርበሬ ዘሩ የአሜሪካ አህጉር ነው፣ ወደ ሌላው ዓለም የተሰራጨው ከ1492 እ.ኤ.አ. በኋላ ነው። ስለዚህ የያዕቆብን ወጥ ያቀላው በርበሬ አይደለም። ክክም አይመስለኝም፣ ምክንያቱም ምስር ክክ ጥሬው ብርቱካናማ ይሁን እንጂ ሲበስል ወደ ቢጫ ይሄዳል፣ የምስር አልጫ የሠራ ሁሉ ያውቀዋል። ድፍን ምስር ግን ከነልጣጩ ሲቀቀል ውሃውን ሳይቀር ቡናማ ቀይ ያደርገዋል። እዚያ ድስት ውስጥ የነበረው ድፍኑ ነው ብዬ የማስበው ለዚህ ነው። ይህ የኔ የማድ ቤት ግምት ነው፣ የሊቃውንት ትርጓሜ አይደለም፣ ግን ድፍን ምስር በሽንኩርትና በጨው ብቻ ሙክክ አድርጋችሁ ቀቅላችሁ አንድ ጊዜ ብትቀምሱት የምለው ይገባችኋል።

ሌላም ቦታ አለ። 2ኛ ሳሙኤል 17 ላይ ዳዊት ከልጁ ከአቤሴሎም ሸሽቶ መሃናይም ሲደርስ ሰዎች መኝታና ምግብ ይዘው ይመጡለታል፣ ሕዝቡ በምድረ በዳ ተርቧል፣ ደክሟል፣ ተጠምቷል ብለው። ከስንዴው፣ ከገብሱ፣ ከባቄላውና ከማሩ ጋር ምስርም አለ። እዚያው መጽሐፍ ምዕራፍ 23 ላይ ደግሞ ሣማ የሚባል የዳዊት ጀግና አለ። ፍልስጥኤማውያን ምስር የሞላበት እርሻ አጠገብ ተሰልፈው ሕዝቡ ሁሉ ሲሸሽ እሱ እርሻው መሀል ቆሞ ተዋጋ፣ አዳነውም። እኔ ይህን ታሪክ በጣም እወደዋለሁ። ያ እርሻ የሰው ዓመት ሙሉ ቀለብ ነው፣ ሣማ የገበሬውን ድካም ያወቀ ሰው ይመስለኛል። ሕዝቅኤልም ምዕራፍ 4 ላይ ከሌላ እህል ጋር ቀላቅለህ እንጀራ ጋግር ተብሎ ከታዘዘው እህል አንዱ ምስር ነው።

ቁርኣን ላይም አለ። ሱረቱል በቀራ አንቀጽ 61፣ የሙሳ ሕዝቦች በአንድ ዓይነት ምግብ ላይ አንታገሥም፣ ከምድር የሚበቅለውን ለምንልን ሲሉ ከጠሩት ውስጥ ምስርና ሽንኩርት አብረው ተጠርተዋል። ምስርና ሽንኩርት! የኛ ድስት መሠረት። እንግዲህ ረመዳን ሲገባ አፍጥር ላይ በምስር የተሞላው ሳምቡሳ፣ ሁዳዴ ሲገባ 55 ቀን ሙሉ ከበያይነቱ ላይ የማይጠፋው ምስር ወጥ፣ ሁለቱም ጓዳ ከአንድ ጆንያ ነው የሚሰፈርላቸው።

አንድ ነገር ጨምሬ ወደ ገበያው እወስዳችኋለሁ። ታልሙድ ውስጥ የአይሁድ ሊቃውንት የያዕቆብን ወጥ ሲተረጉሙ፣ ያ ቀን አብርሃም የሞተበት ቀን ነበር ይላሉ። ያዕቆብ ምስሩን የሠራው ሐዘንተኛ አባቱን ይስሐቅን ለማጽናናት ነው። ለምን ምስር ሲባል፣ ምስር ክብ ነው፣ ሐዘንም እየዞረ ሁሉም ቤት ይደርሳል፤ ደግሞም ሌላው ጥራጥሬ መሀሉ ስንጥቅ ሲኖረው ምስር አፍ የለውም፣ ሐዘንተኛም አፍ የለውም። ለቅሶ ቤት ንፍሮ ይዞ የሄደ የኛ ሰው ይህን ለመረዳት አስተማሪ አያስፈልገውም።

አሁን ወደ ያገሩ ክክ። አዲስ አበባ ውስጥ ከሆናችሁ መርካቶ እህል በረንዳ ሂዱ፣ ወይም የሰፈራችሁን እህል ቤት ጠይቁ። ያገራችን ምስር በብዛት የሚመጣው ከመሀል አገር ደጋ ነው። ከሸዋ ወገን፣ ከአድአ፣ ከግምቢቹ፣ ከሞረትና ጅሩ አካባቢ። ዋልካ አፈር ይወዳል። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ይዘራና አፈሩ ውስጥ በቀረው እርጥበት ያድጋል። ትልቁ ጠላቱ ዋግ የሚባለው የሰብል በሽታ ነው። ደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል ዋግን የሚቋቋሙ ዝርያዎች አውጥቷል፣ አለማያ የሚባለው አንዱ ነው፣ እነዚህ ዝርያዎች ባይኖሩ ዛሬ የምንበላው ያገር ምስር ከዚህም ያነሰ ይሆን ነበር።

ስትገዙ አትቸኩሉ። ያገር ክክ ፍሬው አነስ ያለ ነው፣ ቀለሙ ደብዘዝ ያለ ብርቱካናማ ነው፣ አንድ ዓይነትም አይደለም። እዚህም እዚያም ልጣጩ ያልለቀቀ ቡናማ ፍሬ ታያላችሁ። ይህ ጉድለት አይደለም፣ ዘይት ተቀብቶ ያልተወለወለ መሆኑን ነው የሚነግራችሁ። እጃችሁን ጆንያው ውስጥ አስገቡና አንድ እፍኝ ከሥር አውጡ፣ ከላይ ያለው ሁልጊዜ የተመረጠ ነው። መዳፋችሁ ላይ ነጭ ዱቄት ከቀረና ፍሬው ላይ የመርፌ ጫፍ የምታህል ቀዳዳ ካለ ነቀዝ ገብቶበታል፣ ተዉት። አሽቱት። ጥሩ ምስር አዲስ የተወቃ ሣር ሣር ይላል፣ የከረመው ጆንያ ጆንያ ይሸታል። ከዚያ አንድ ፍሬ በፊት ጥርሳችሁ ንከሱ። ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ደረቅ ነው፣ ለመቀመጥ ይሆናል። ልዝብ ካለ እርጥበት አለው፣ ቤት ወስዳችሁ ብታስቀምጡት ይሻግታል።

እኔ የምገዛባት እናት ያለ ምንም ማጋነን የምስር ሊቅ ናቸው። «እማማ ይሄ ያገር ነው?» ስላቸው «ልጄ፣ ያገር ነው ብዬ ብሸጥልሽ ድስትሽ ያጋልጠኛል» አሉኝና ከሁለት ጆንያ ትንሽ ትንሽ ዘግነው አሳዩኝ። ከአንዱ ጆንያ ያለው ወፈር ያለና የሚያብለጨልጭ፣ ከሌላው ያለው ሳሳ ያለና ትንሽ አቧራ ያለበት። ጎን ለጎን ሲሆን ልዩነቱ ለማንም ይታያል። እናንተም እንዲህ ጎን ለጎን አሳዩኝ በሉ፣ በእህሉ የሚተማመን ነጋዴ አይከፋውም።

ቤት ስትገቡ መልቀም አለ። ይህን መዝለል አይቻልም። ሰፌድ ላይ ስስ አድርጋችሁ ዘርጉት፣ ብርሃን ወዳለበት ተቀመጡ። ጠጠሩ ራሱ ምስር ይመስላል፣ ቀለሙ ትንሽ ግራጫ ይሆናል እንጂ መጠኑ አንድ ነው። ለዚህ ነው በጣት ገለጥ ገለጥ እያደረጉ መሄድ የሚያስፈልገው። ከዚያ ውሃው እስኪጠራ እጠቡት። የመጀመሪያው ውሃ ቡና በወተት ይመስላል፣ አትደንግጡ።

አሠራሩ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም የምስሩ ጥሩነት የሚታየው እዚህ ነው። ለሁለት ብርጭቆ ክክ አምስት መካከለኛ ቀይ ሽንኩርት እከትፋለሁ፣ ድቅቅ አድርጌ። ያለ ዘይት፣ በትንሽ እሳት፣ የራሱን ውሃ እስኪጨርስ አቁላላዋለሁ። ዘይቱ ከዚያ ነው። በርበሬው ሲገባ ጠብ ጠብ እያደረጉ ውሃ፣ እንዳያርር። ቁሌቱ ላይ የቸኮለ ሰው የቱንም ምስር ቢገዛ ዋጋ የለውም፣ የበርበሬው ጥሬ ጥሬ ማለት እስኪጠፋ መታገሥ ነው። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል፣ ከዚያ የታጠበው ክክ። ክኩን ከቁሌቱ ጋር ትንሽ ማገላበጥ ጥሩ ነው፣ ቅመሙን ይይዛል። ከዚያ የፈላ ውሃ። ቀዝቃዛ ውሃ አልጨምርም፣ ድስቱ ሙቀቱን ያጣና ይዘገያል። ቲማቲም የምትወዱ ከሆነ ምስሩ ከለሰለሰ በኋላ አድርጉት፣ ጎምዛዛ ነገር ቀድሞ ከገባ ምስር ለመብሰል እምቢ ይላል። ሎሚም እንደዚያው።

ያገሩ ክክ እዚህ ነው ጌታ የሚሆነው። ቀስ ብሎ ይበስላል፣ ውሃውን ቀስ እያለ ይጠጣል። ግማሹ ፈርሶ ወጡን ያወፍራል፣ ግማሹ ፍሬው እንዳለ ይቀራል። ጭልፋው ላይ ስታነሱት አይንጠባጠብም፣ ደግሞም ሊጥ አልሆነም። በእንጀራ ስትጠቀልሉት ጥርስ ሥር ትንሽ ይሰማል። ጣዕሙ ደግሞ ከበርበሬው ሥር የራሱ የሆነ ጣፈጥ ያለ፣ ለውዝ ለውዝ የሚል ነገር አለው። ዘይቱ ጠርዝ ጠርዙን መውጣት ሲጀምር መከለሻ ነስንሱበትና አውጡት። በማግሥቱ ደግሞ ይበልጣል። ጠዋት ከሞቀው ምስር ወጥ በትናንት እንጀራ ፍርፍር የሠራ ሰው የምለውን ያውቃል።

ወደ ታሸገው እንለፍ። ገበያችን ላይ ካለው ከውጭ የገባ ምስር ብዙው መነሻው ካናዳ ነው፣ ካናዳ በዓለም ላይ ቁጥር አንድ ምስር ላኪ አገር ናት፣ በተለይ ሳስካችዋን የሚባለው ግዛት። ቱርክ ደግሞ ራሷም ታመርታለች፣ የሌላ አገር ምስርም አስገብታ እየከካች መልሳ ትልካለች። ፋብሪካው ልጣጩን በማሽን ይልጣል፣ ከዚያ በትንሽ ዘይት ወይም ውሃ ይወለውለዋል። ማብለጭለጩ ከዚያ ነው።

ጥቅሙን አልክድም። ንጹሕ ነው፣ ጠጠር የለውም ማለት ይቻላል፣ አንድ ሁለት ጊዜ ብታጥቡት ይበቃዋል። በሩብ ሰዓት አካባቢ ይበስላል። ከሥራ በመሸ ለሚገባ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ለሾርባ ከሆነ ከዚህ የሚሻል የለም። በካሮት፣ በነጭ ሽንኩርትና በትንሽ ከሙን ቀቅላችሁ በማማሰያ ብቻ ብትመቱት ይልማል፣ መፍጫ አያስፈልገውም። ጥርስ ለሌለው ሕፃንም፣ ለታመመ ሰውም እሱኑ እሠራለሁ።

ለወጥ ግን ልቤ አይቀበለውም። ሲፈላ ሁሉም ባንድ ጊዜ ይፈርሳል። ውሃ ቢበዛ ሾርባ ነው፣ ውሃ ቢያንስ ከሥር ይይዛል፣ መሀሉን ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ጣዕሙም ባዶ ባዶ ይላል፣ የምትበሉት በርበሬውንና ዘይቱን ነው። በሱ ወጥ መሥራት ግድ ከሆነ ውሃውን ቀንሱ፣ ክኩንም ቁሌቱ ሙሉ በሙሉ ካለቀ በኋላ ብቻ ጨምሩ፣ እሳቱ ደከም ይበል፣ ደግሞ ብዙ አታማስሉት።

አንድ ጊዜ ደግሞ የገዛሁት የታሸገ ምስር ጭራሽ አልበስል ብሎኛል። ስሙን አልጠቅስም። ላስቲኩ ላይ ያለው የመጠቀሚያ ጊዜ አላለፈም፣ ግን አንድ ሰዓት ፈልቶ ፍሬው ጥርስ ላይ ይቆረቁራል። ምስር ሙቀትና እርጥበት ባለበት መጋዘን ከከረመ ይደርቅና ውሃ አልቀበል ይላል፣ ቀኑ ያላለፈ መሆኑ ብቻ አያድነውም። እንግዶች ነበሩኝ፣ በጣም ተናድጃለሁ። ከዚያ ወዲህ የታሸገም ቢሆን ቀለሙን አያለሁ። ደማቅ ብርቱካናማ ከሆነ አዲስ ነው፣ ወደ ግርጣት ከሄደ ከርሟል። ላስቲኩ ግርጌ ላይ ዱቄት ከተጠራቀመም አልነካውም።

አሁን ድፍኑ። እውነት ለመናገር ከሦስቱ በጣም የምወደው እሱን ነው። ዋጋውም ብዙ ጊዜ ከክኩ ይቀንሳል፣ የማስከካት ድካም የለበትማ። አገር ቤት ያለው ድፍን ምስር ትንሽ ነው፣ ጠፍጣፋ፣ ቡናማ፣ አንዳንዱ ነጠብጣብ ያለበት። ሌሊቱን መዘፍዘፍ አያስፈልገውም። አጥቦ መጣድ ነው፣ እስከ አርባ ደቂቃ ይፈጃል። ፍሬው ይለሰልሳል እንጂ አይፈርስም።

ከሱ የሚሠራው አዚፋ ደግሞ የጾም ማዕድ ላይ ከሁሉም የበለጠ መንፈስ የሚያነቃ ምግብ ነው። ምስሩ ተቀቅሎ ይጠነፈፍና ይቀዘቅዛል። በሹካ ገፋ ገፋ አድርጉት፣ ግማሹ ይላቁጥ፣ ግማሹ ይቅር። ቀይ ሽንኩርት ድቅቅ ብሎ፣ ቃሪያ፣ ሎሚ በደንብ፣ ትንሽ ዘይት፣ ጨው። ከዚያ ሰናፍጭ። ሰናፍጩ አፍንጫ ድረስ ካልወጣ አዚፋ አላልኩትም። ብዙ ምግብ ቤት ደንበኛ እንዳይከፋው እያለ ሰናፍጩን ያሳሳዋል ወይም ጭራሽ ይተወዋል፣ የሚቀርበውም ቀዝቃዛ የምስር ሰላጣ ይሆናል። እባካችሁ ምግብ ቤቶች፣ ሰናፍጭ የማይፈልገው ራሱ ይናገር።

የጤና ነገር ላይ ብዙ አልናገርም። 100 ግራም ጥሬ ምስር ወደ 25 ግራም ፕሮቲን አለው። ብረትም ጥሩ አድርጎ ይዟል። ችግሩ ከእህል የሚገኘውን ብረት ሰውነታችን እንደ ሥጋው ብረት በቀላሉ አይወስደውም፣ ሎሚ ግን ያግዘዋል። አዚፋ ላይ ያለው ሎሚ ለጣዕም ብቻ አይደለም ማለት ነው። ምስሩ የሚያንሰውን የፕሮቲን ዓይነት ደግሞ ጤፉ ይሞላለታል፣ የእንጀራው መቡካትም ብረቱ እንዳይታሰር ይረዳል። እናቶቻችን ረቡዕና ዓርብን፣ ሁዳዴን፣ ነቢያትን ጨምረው ግማሽ ዓመት የሚሆነውን ቀን ያለ ሥጋና ወተት ልጆች ያሳደጉት በዚህ ነው። እርጉዝ ሴት ቤታችሁ ካለች በተለይ ድፍኑን በሎሚ አብሉልኝ።

ውጭ አገር ላላችሁ። ያገር ክክ በሐበሻ ሱቅ ካገኛችሁ ግዙ። ከሌለ የሕንድ ሱቅ ግቡና ማሱር የሚባለውን ጠይቁ። የተከካው ብርቱካናማው ከላይ የነገርኳችሁ ዓይነት ነው፣ ቶሎ ይፈርሳል። ድፍኑ ቡናማ ማሱር ግን ላገራችን ድፍን ምስር በጣም ይቀርባል፣ ለወጥም እሱን ውሰዱ ባይ ነኝ። ለአዚፋ የፈረንሳይ ፒዩ የሚባለው ትንሹ ጥቁር አረንጓዴ ምስርም ይሆናል፣ አይፈርስም፣ ዋጋው ግን ከበድ ይላል። ወፍራሙን አረንጓዴ ግን ለወጥ አትግዙ፣ ሲበስል አፈር አፈር ይላል፣ በርበሬውም አይገባው። የገዛችሁትን ምስር በጠርሙስ ወይም ክዳኑ በሚገጥም ዕቃ አድርጉ፣ ከምድጃው ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡ፣ አዲስ ስትገዙም አሮጌው ላይ አትገልብጡት፣ ቀድሞ የነበረውን መጀመሪያ ጨርሱ።